በላጲስ የጸዳችው መጽሐፍ

እስቲ ጠጋ በይ ዊልማ፤ ይቺ ወንበር እግሯ ትንሽ ይወዛወዛል እንጂ ትችልሻለች። የእሳት አደጋ ሠራተኞቹ አዳራሹን በነጻ ስለሚሰጡ ወንበሩን የሚያማ የለም። ዶናቱን ቅመሺ… የተቀባው ሳይሆን ያኛው ይሻላል። ደግሞ በመኪናሽ ስላመጣሽኝ እግዜር ይስጥልኝ። ባሌ ኦርቪል ከሞተ ወዲህ ያንን ቁልቁለት ብቻዬን መንዳት ይጨንቀኛል። ሰው ግን ሞልቷል አይደል? ለአሮጌ የቤዝቦል መጽሐፍ ብሎ ይሄ ሁሉ ሕዝብ ቅዳሜ ጠዋት ከአልጋው ይነሳል ቢባል፣ ከኦሃዮ ውጭ ማን ያምናል?

ከፊታችን የተቀመጡት ሰውዬ ባርኔጣ ከጋረደሽ ወደዚህ ዞር በይ። ትልቅ ሰው ናቸው፣ አውልቁ አይባሉም። እኔ መቼም ስለማንም አላወራም፤ ጨረታው እስኪደርስ ዝም ብለን እየተጫወትን ነው።

ወዳጅ በችግር ጊዜ ይታወቃል ይሉ የለ? እውነት ነው። እኔም አንዱን ያወቅሁት ያኔ ነው። ኦርቪል በተቀበረ በሦስተኛው ሳምንት በሬ ተንኳኳ። ሌላው ሰው የሚያመጣው በትሪ ማካሮኒ ነው። እኚያ ደግ ሰው ግን በአንድ እጃቸው የሎሚ ፓይ፣ በሌላው ባዶ ካርቶን ይዘው መጡ። አስቢው እስቲ… ለቅሶ ሲደርስ ካርቶን መያዝ ለማን ትዝ ይለዋል? አርቆ አሳቢ ካልሆነ በቀር።

«ሎሬታ፣ ይሄ ሁሉ አቧራ ለጤናሽ አይሆንም» አሉኝ። ለጤናዬ ነው የተጨነቁት። የኦርቪልን የአርባ ዓመት መጻሕፍት አንድ በአንድ አገላበጡ፤ ይሄ ጀርባው ለቋል፣ ይሄ ሽፋኑ ጠፍቷል፣ ይሄን እርጥበት ነክቶታል… አንድም ደህና አልተገኘም። ያንን ሁሉ የማይረባ ነገር ግን ወገባቸውን እያመማቸው እስከ መኪናቸው ድረስ ራሳቸው ተሸከሙት። የዛሬ ሰው ለሰው ቆሻሻ ወገቡን ይሰጣል?

ከሁሉ ያዘኑት ለአንዲት ቀጭን መጽሐፍ ነው። የቤዝቦል ኳስ ወርዋሪው ዳስቲ ማልቪ በ1911 ስለ ራሱ ያስጻፋት ናት። የመጀመሪያው ባዶ ገጽ ላይ በእርሳስ «ለኤመት፣ ከአሎይሺየስ» የሚል አለባት። ኤመት የኦርቪል አባት ነው፤ ያኔ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበር። ሰውዬው ፊታቸውን አጨማደዱ። «ይሄ የልጅ ጭረት ነው ዋጋዋን የገደለው። ለኦርቪል ስል ግን አርባ ዶላር እሰጥሻለሁ» አሉኝ። ተቀበልኩ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይላሉ፤ ታዲያ ሰው ፓይ እየበላ እንዴት ይጠረጥራል?

ከሁለት ሳምንት በኋላ የኦርቪልን ካርዶች ሳገላብጥ… ለእያንዳንዱ መጽሐፍ ካርድ ነበረው፣ ታውቂው የለ? የዚያች ካርድ ምን ይላል መሰለሽ? ዳስቲ የሚለውን ስም ጋዜጠኞች ናቸው ያወጡለት። ለልጆች ሲፈርም ግን እናቱ ባወጣችለት ስም ብቻ ነበር የሚፈርመው። አሎይሺየስ። ድምፄ ከፍ አለ እንዴ? ይቅርታ፣ ጆሮዬ ደከም ስላለ ሌላውም የማይሰማ ይመስለኛል። አሎይሺየስ። አምና በመኸር እንደዚያ የተፈረመባት አንዲት ቅጂ በጨረታ አሥራ አንድ ሺህ ዶላር አወጣች። ያልተፈረመባት ሁለት መቶ ነው።

ይሄን የማያውቅ አለ? እንደኔ ያለ ተራ ሰው እንጂ፣ በሰብሳቢዎቹ መጽሔት ላይ በየወሩ ምክር የሚለግስ ሊቅማ እንዴት ይጠፋዋል።

ደወልኩላቸው። ገንዘቡን ፈልጌ አይደለም ዊልማ፣ አንቺ ታውቂኛለሽ። ኦርቪል በየሚያዝያው፣ የዓመቱ የመጀመሪያ ጨዋታ ሊጀመር ሲል፣ ያቺን መስመር በጣቱ ሳይዳስስ ሬዲዮ አይከፍትም ነበር። አባቱም እንደዚያው። እሷ ከቤቴ መውጣቷ እንቅልፍ ነሳኝ። አርባ ዶላርዎን ልመልስና መጽሐፌን ይስጡኝ አልኳቸው። «የተሸጠ ተሸጠ ሎሬታ። ይልቅ ደስ ይበልሽ፤ ያንን ጭረት በላጲስ አጽድቼዋለሁ» አሉኝ።

አልቅሻለሁ፣ አልዋሽሽም። ስልኩን እንደያዝኩ አለቀስኩ። ከዚያ ደግሞ ሳቅ መጣብኝ… እግዜር ይስጥልኝ ብዬ ዘጋሁት። ምን ልበላቸው? የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው ለጀማሪ ነው። እሳቸው መች ጣሉ? በትዕግሥት፣ በለስላሳ ላጲስ፣ ፍርፋሪውን እፍ እፍ እያሉ… እንዲህ ያለ እጅ የት ይገኛል? አሥራ አንድ ሺህ ዶላር ጠርገው ጠረጴዛቸው ላይ ብናኝ እንኳ አልቀረም።

የፊተኛው ሰውዬ አንገት ቀላ እንዴ? ሙቀቱ ነው። መስኮቱን ክፈቱላቸው በናታችሁ።

ይኸው ለዛሬው ጨረታ አቅርበዋታል፤ ጠዋት ዕቃው ለሕዝብ ሲታይ አንስቼ አየኋት። ካታሎጉ «ንጹህ፣ ጽሑፍ የሌለባት» ይላል። አልዋሸም። ወደ መስኮቱ አዘንበል ሳደርጋት ግን… ማልቪ ሲጽፍ ጠበቅ አድርጎ ነበር መሰለኝ፣ የእርሳሱ ጉድጓድ እንዳለ ነው። በጣት ይነበባል። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይሉ የለ? ወረቀቱስ አልለቀቀም። ሞኙ ነው የለቀቀው።

ለገበያ ይሄ ምኑ ነው ትዪኛለሽ። ልክ ነሽ። የተፋቀ ገጽ መቼም የተፋቀ ነው፤ ሰብሳቢ ይሄን ከሰማ የመጫረቻ ቁጥሩን ጭኑ ሥር ይደብቃል። ምነው፣ በዚህ ረድፍ ያሉት ሁሉ ወደ እኛ ጠጋ ጠጋ አሉ? የእኛን ጨዋታ እየሰሙ አይሆንም መቼም።

ቆይ፣ እሷ ቀረበች። በሁለት መቶ ጀመረ… ማንም የለም? መቶ ሃምሳ አለ… መቶ… አይ ዊልማ፣ ያሳዝናል። ባለ ዕቃው በራሱ ዕቃ ላይ መጫረት ክልክል ነው እንጂ፣ አንዳንድ ሰው ይሄኔ እጁን ያነሳ ነበር። ሃምሳ… ሠላሳ አምስት። እስቲ እኔ ቁጥሬን ከፍ ላድርገው፣ እጄን ደነዘዘኝ። ሌላ የለም?… አንዴ… ሁለቴ… ተመታ።

የኔ ሆነች። በሠላሳ አምስት። እኔ እኮ አርባ ይዤ ነበር የመጣሁት፤ አምስቷ ለነዳጅሽ ትሁን። ዶናትሽን ጨርሺና ሄደን እንወስዳታለን።

ሰውዬው ተነሱ? ገና ሰማንያ መጽሐፍ አለ። ይለፉ ጌታዬ፣ እግሬን ልሰብስብልዎ። አይ… እኔስ ቂም የለኝም ዊልማ። እንዲያ ያለ ወዳጅ ለሁሉም አይሰጥም። እሳቸው ቤት አራት ግድግዳ ሙሉ መጽሐፍ አለ ይባላል፤ እያዩ አይጥገቡት። ዕድሜና ጤና ይስጣቸው። ቀናቸው ደርሶ ሲጠሩም፣ ባለቤታቸው ብቻዋን ግራ እንዳትጋባ፣ ልክ እንደ እሳቸው ያለ አዋቂ፣ እንደ እሳቸው ያለ አዛኝ ወዳጅ አያሳጣት። አሜን በይ እንጂ።