ጀምሮ የጨረሰ

ጡረተኛው የእንግሊዝኛ መምህር ጺማቸውን ሊላጩ ፀጉር ቤት ጎራ ቢሉ፣ ፀጉር አስተካካዩ የድሮ ተማሪያቸው ሆኖ አረፈው። ግማሽ ፊታቸው አረፋ እንደለበሰ አንድ የውጭ አገር ሰው ገባ። ፀጉር አስተካካዩ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ልጆቹ በእንግሊዝኛ እያወራ አሳቀው፤ እንግዳውም ነገ ሊመጣ ተቀጣጥሮ ወጣ።

መምህሩ ክው አሉ።

«አንተ! ከመቶ አሥራ ሁለት ያመጣኸው አይደለህም እንዴ?»

«አሥራ አንድ ነው፣ ጋሼ። አንዷን አሁን ጨመሩልኝ።»

«ኧረ ጉድ! ሦስት ዐረፍተ ነገር፣ አራት ስህተት!»

«ሰውየው መች ቆጠረ? ቅዳሜ ቅዳሜ አንዲት የሰፈር ነርስ፣ ጎረቤቴ ጎሚስታውና እኔ እሱ ጎማ መጠገኛ ቤት ተሰብስበን በእንግሊዝኛ እናወራለን። ክበብ ነው። ጀምሮ ያልጨረሰ ሰው አይታረምም።»

«ስህተት ትዋዋሳላችኋ! የእኔን ልጅ እቤቴ ነው ያስተማርኳት። ሆቴል ለእንግዳ ተቀባይነት በእንግሊዝኛ በቃል ሲፈትኗት፣ ወረቀት ጠይቃ መልሱን ጻፈችላቸው። ነጥብ እንኳ አልሳተችም!»

ምላጩ አየር ላይ ቀረ።

«ጻፈችላቸው?!»

«እንዴታ!»

«እና ቀጠሯት?»

አልቀጠሯትም። ይህ ሁለተኛ ውድቀቷ ነበር፤ ከሦስት ወር በኋላ ደግሞ ሌላ ሆቴል ይጠብቃታል። በዚያም ካልሆነላት ዳግም እንደማትሞክር ምላለች።

«አይቀየሙኝ ጋሼ፣ የተሳሳተን ሰው ደወል እስኪደወል ያቆሙት ነበር። መቆም ሲሰለቸን ዝምታን ተማርን። እርስዎስ በሞቴ፣ ከሰው ጋር በእንግሊዝኛ አውግተው ያውቃሉ?»

ሊመልሱ አፋቸውን ቢከፍቱ አረፋው ገባ። አርባ ዓመት ሙሉ ያወሩት ከጥቁር ሰሌዳ ጋር ብቻ መሆኑ ያን ጊዜ ታያቸውና ደነገጡ።

ቅዳሜ ልጃቸውን ይዘው ወደ ክበቡ ሄዱ። ጎማ ላይ ተቀመጡ። ልጅቷ ገና አፏን ስትከፍት ተሳሳተች፤ አባት ብድግ!

«ጋሼ፣ አልጨረሰችም» አላቸው ጎሚስታው ኮታቸውን ይዞ።

ተቀመጡ። ላብ አጠመቃቸው። ስትጨርስ ነርሷ የመዘገበችውን ስህተት አንድ በአንድ አነበበችላት፤ ልጅቷም በገዛ ስህተቷ ከት ብላ ሳቀች። አባቷ ይህን ሳቅ ሰምተው አያውቁም ነበር።

የክበቡ ምስጢር ይኸው ነው፤ ሰዋስው ደብተር ላይ ይጠናል፣ የሰው ፊት የሚለመደው ግን ሰው ፊት ነው። በዚያ ላይ አስተማሪ አያስፈልገውም፣ አያሳፍርም፤ ተሰብስቦ ማውራት ደግሞ ለማናችንም አዲስ አይደለም።

ከሦስት ወር የቅዳሜ ወግ በኋላ ልጅቷ ከሆቴሉ ፈተና እየሮጠች መጣች።

«አባዬ! አምስት ጊዜ ተሳሳትኩ!»

መምህሩ ከወንበራቸው ተነሡ።

«ጨረስሽ ወይ?»

«ጨረስኩ! ሰኞ ሥራ ጀምሪ አሉኝ!»

«እሰይ!» አሉ መምህሩ፤ የትኞቹ አምስት እንደሆኑ ሳይጠይቁ።