አልጋ ላይ የፈረመችው ወረቀት

ጀርመን አገር፣ ከሮደልሃይም በተሳፈርኩበት ባቡር ውስጥ አንዲት ወጣትና አንድ ኤርትራዊ ሽማግሌ ፊት ለፊቴ ተቀምጠዋል። በስልክ አማርኛ ስታወራ ሰምተው ነው ያናገሯት።

«ወዴት ነሽ ልጄ?»

«ሥራ ቢሮው፣ አርባይትስአምት፣ ቴርሚን አለኝ፣ አባባ። ለሥራ አጥ ገንዘብ ላመለክት ነው።»

«ከሥራ አስወጡሽ?»

«መጦሪያ ቤት አዛውንት ሳነሳ ሳስተኛ ወገቤ ተጎዳና ኦፕራሲዮን ሆንኩ። ክራንክ ላይ፣ በሕመም ፈቃድ እያለሁ ነው ያሰናበቱኝ።»

«በደብዳቤ?»

«የለም፣ አለቃዬ ሆስፒታል ድረስ አበባ ይዛ መጣች። ወረቀትም ይዛ ነበር።»

«ፈረምሽ?»

«ከማደንዘዣው ገና መንቃቴ ነበር። የሕመም ፈቃዴ መስሎኝ ፈረምኩ።»

«እስቲ አሳዪኝ።»

ወረቀቱን ወደ ዓይናቸው አስጠግተው ቀስ ብለው አነበቡ።

«ምን ይላል አባባ?»

«በስምምነት ለቀቀች ይላል።»

«ስምምነት ጥሩ አይደለም እንዴ?»

«ልጄ፣ በፈቃድሽ ነው የለቀቅሽው ብለው ገንዘቡን ለወራት ሊከለክሉሽ ይችላሉ። ያን ቀን ሆስፒታል እንደነበርሽ የሚያሳይ ማስረጃ አለሽ?»

«ቤት ነው ያለው። የቴርሚኔ ሰዓት ደግሞ ደረሰ። ልቅርና ሌላ ቀን ልሂድ?»

«እንዳትቀሪ! ዛሬ ግን ምንም እንዳትፈርሚ። አብሬሽ እገባለሁ።»

«እርስዎ መውረጃዎ የት ነው?»

«አልፎኛል።»

ጀርመንኛውን ከእሳቸው ይልቅ አቀላጥፌ ማንበብ የምችለው እኔ፣ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ።