በፊሮምሳ ስም የተደበቁት ዘጠኝ ጠመንጃዎች

የተከበራችሁ ለቀስተኞች፤ ይህ የአቶ ባይሳ ነገዎ ዜና ሕይወት በልጃቸው በሎሚ እጅ የተጻፈ ሲሆን፣ ከመካከሉ ያለውን ግን ሟቹ ራሳቸው አልጋ ላይ ሳሉ አስጽፈው “አንዲት ቃል ሳታስቀሩ አንብቡት” ብለው አደራ ስላሉ፣ ለጆሮ ቢከብድም እንዳለ ይነበባል።

አቶ ባይሳ ከአባታቸው ከአቶ ነገዎ ቶላ እና ከእናታቸው ከወ/ሮ ዲንቂቱ ጉደታ በ1946 ዓ.ም. በወለጋ፣ ከጊምቢ ከተማ ወጣ ብሎ በሚገኝ መንደር ተወለዱ። ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ በሚስዮን ትምህርት ቤት ተምረው፣ ቀጥሎም አዲስ አበባ የብረታ ብረት ሙያ አጥንተው ተመረቁ። ብረት በሚቀረጽበት በቶርኖ ማሽን ላይ የነበራቸውን እጅ ያዩ ሁሉ ይመሰክሩላቸዋል። በደርግ ጊዜ ሁለት ዓመት ታስረው ከተፈቱ በኋላ በሱዳን በኩል ተሰደው፣ እ.ኤ.አ. በ1984 ሚኒሶታ ገቡ፤ በሰሜን ምሥራቅ ሚኒያፖሊስም በአንድ የማሽን መለዋወጫ መሥሪያ ሃያ ዘጠኝ ዓመት አገለገሉ። ወ/ሮ ሲንቄ ዋቅጅራን አግብተው ኮሎምቢያ ሃይትስ ጎጆ ቀልሰው አንዲት ልጃቸውን ሎሚን ወልደው አሳደጉ፤ በቤተ ክርስቲያናችንም ለአሥራ ስምንት ዓመት ሽማግሌ ሆነው አገልግለዋል።

የጠመንጃ ፍቅራቸው የጀመረው በሥራ ቦታ ነበር። ጡረታ ሊወጣ የተቃረበ አንድ አሜሪካዊ ባልደረባቸው ጥይት መምቻዋ የተሰበረ አሮጌ ጠመንጃ ይዞ ቢመጣ፣ አቶ ባይሳ በምሳ ሰዓት አዲስ መምቻ በቶርኖ ቀርጸው አበጁለት። ጠመንጃዋ በድሮ ዘመን ተማሪዎችና ምልምል ወታደሮች ኢላማ ይለማመዱባት የነበረች፣ በአንድ ጊዜ አንዲት ትንሽዬ ሃያ ሁለት ካሊበር ጥይት ብቻ የምትጎርስ ነበረች፤ ሁለተኛ ለመተኮስ ቀለሁን አውጥቶ እንደገና በእጅ ማጉረስ የግድ ነው። ባልደረባቸው ወደ ተኩስ ክለቡ ወስዷቸው ያችው መምቻ ጥይቷን ስትመታ ቢያዩ ልባቸው ቀለጠ። ከዚያ ወዲህ የእንግሊዝ ካዴቶች፣ የጀርመን ስፖርተኞች፣ የአሜሪካ ኮሌጆች የተለማመዱባቸውን ሁሉ እየፈለጉ ዘጠኝ ሰበሰቡ። ሰደፉ ላይ የተቀረጸውን ቁጥር በጣታቸው እየዳሰሱ፣ “በዚህ ላይ ስንት ሰው ጉንጩን አሳርፎ ይሆን?” ይሉ ነበር። ማክሰኞ ማክሰኞ ክለቡ ወለል ላይ በሆዳቸው ተኝተው፣ ትንፋሻቸውን ውጠው ቃታውን ሲስቡ፣ ከእስር ቤት ከወጡ ጀምሮ ልባቸው ጸጥ ያለበት ሰዓት እርሱ ብቻ እንደነበር አስጽፈዋል። ለባለቤታቸው ግን “ኦቨርታይም አለብኝ” ይሉ ነበር፤ ምድር ቤት የቆመውንም የብረት ቁም ሳጥን “የሥራ ዕቃ ነው” ብለው ቆልፈውት ኖሩ።

እ.ኤ.አ. በ2011 መኸር ላይ ከምእመናኑ የአንዱ ልጅ በጥይት ተገድሎ ማኅበሩ ሁሉ ሐዘን በተቀመጠ ጊዜ፣ አቶ ባይሳ መድረክ ላይ ወጥተው “ጠመንጃ ባለበት ቤት ጌታ አያድርም” ብለው አስተማሩ፤ ሕዝቡም አለቀሰ። በተከታዩ ጥር ግን ውርጩ የቤታቸውን ቧንቧ አፈንድቶ ምድር ቤቱ በውኃ ቢሞላ፣ ከቤተ ክርስቲያን ስድስት ሰዎች ዕቃ ለማውጣት መጡ። የብረት ቁም ሳጥኑን ሲያነሡት ማጠፊያው ተነቀለና ጠመንጃዎቹ ውኃው ውስጥ ተዘረገፉ።

ከስድስቱ አንዱ አቶ አክሊሉ ደንግጠው፣ “ባይሳ፣ ይህ ምንድን ነው?” ብለው ጠየቁ።

“የፊሮምሳ ናቸው። ቁም ሳጥኑን ለእርሱ ከለቀቅኩለት ቆይቷል፤ እኔም ገና አሁን ማየቴ ነው” አሉ አቶ ባይሳ።

አቶ ፊሮምሳ ዋቅጅራ የወ/ሮ ሲንቄ ታናሽ ወንድም ሲሆኑ፣ በዚያው ምድር ቤት ይኖሩ፣ ሮቢንስዴል ከተማም አረጋውያንን ይንከባከቡ ነበር። ከሥራ ሲመለሱ ዩኒፎርማቸውን እንኳ ሳያወልቁ ሰዎቹ ከበው ጠየቋቸው። አቶ ፊሮምሳ የእኅታቸውን ባል ተመለከቱ፤ አቶ ባይሳ ግን ውኃውን ይመለከቱ ነበር። አቶ ፊሮምሳም፣ “አዎ፣ የእኔ ናቸው” አሉ።

ወ/ሮ ሲንቄ ወንድማቸውን “ከልጄ ጋር አንድ ጣሪያ ሥር አታድርም” ብለው አስወጧቸው፤ እርሳቸውም ሲዋርድ ሰፈር አንዲት ክፍል ተከራይተው ገቡ። እጮኛቸው የነበረችውን ወ/ሪት ፀጋን ቤተሰቦቿ ከለከሏት። ሽማግሌዎች ተሰብስበው አቶ ፊሮምሳን ከመዘምራን ሲያግዷቸውም፣ እጃቸውን ካነሡት አንዱ አቶ ባይሳ ነበሩ። ይህም ሳያንስ “ሸጬለታለሁ” ብለው ጠመንጃዎቹን ወደ ክለቡ መቆለፊያ አዛውረው ማክሰኞአቸውን ቀጠሉ፤ በሁለተኛው ዓመት የውድድር ዋንጫ አግኝተው የመኪናቸው ሻንጣ ውስጥ በብርድ ልብስ ጠቅልለው ደበቁት። አቶ ባይሳ ይህን ሲያስጽፉ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ነበር።

ባለፈው ዓመት የቆሽት ካንሰር እንዳለባቸው በተነገራቸው ሳምንት ወደ አቶ ፊሮምሳ ደወሉ። አቶ ፊሮምሳ በነጋታው ሆስፒታል መጥተው ከአልጋው አጠገብ ተቀመጡ።

“ጠመንጃዎቹን ውሰዳቸው፤ ሌላ የምክስህበት ነገር የለኝም” አሏቸው አቶ ባይሳ።

“ጋሼ፣ እኔ እስከ ዛሬ ተኩሼ አላውቅም። ምን ላደርጋቸው?”

“ታዲያ ያን ዕለት ለምን የእኔ ናቸው አልክ?”

“በሰው ፊት ባዋርድዎ እኅቴ የት ትገባለች ብዬ። አንድ ቀን ራስዎ ይነግሯታል ብዬም ጠብቄ ነበር።”

አቶ ባይሳ በዚያው ዕለት ለባለቤታቸው ነገሯቸው። ወ/ሮ ሲንቄ ሦስት ቀን አላናገሯቸውም፤ በአራተኛው ቀን ሲዋርድ ሄደው ወንድማቸው ደጃፍ ላይ ተንበረከኩ። አቶ ባይሳ ጠመንጃዎቹን ለክለቡ ሰጡ። በምእመናን ፊት ቆመው ለመናዘዝ ሁለት እሑድ ለብሰው ተነሥተው፣ ሁለቱንም ጊዜ ከመኪና ሳይወርዱ ተመለሱ። “ሕመሙ አድክሞኝ አይደለም፤ አፍሬ ነው። በሕይወቴ ያልቻልኩትን ሬሳዬ ባለበት አንብቡልኝ” ያሉት ከዚህ በኋላ ነው። ሕመማቸው ጸንቶም ባለፈው ሐሙስ ረፋድ ላይ በተወለዱ በሰባ አንድ ዓመታቸው አረፉ።

አቶ ባይሳ ባለቤታቸውን ወ/ሮ ሲንቄ ዋቅጅራን፣ ልጃቸውን ሎሚ ባይሳን፣ ሁለት የልጅ ልጆችን እና፣ ሟቹ “ወንድሜ ብላችሁ ጻፉ” ያሉላቸውን አቶ ፊሮምሳ ዋቅጅራን ትተው አልፈዋል።

የምሕረት አምላክ ነፍሳቸውን ይቀበል፤ ሐዘንተኞችንም ያጽና። አቶ ፊሮምሳ ከኋላ፣ በሩ አጠገብ ቆመዋል። ስትወጡ መጀመሪያ እርሳቸውን ይቅርታ ጠይቁ።