የኩሽናው ክርስትና

አትራክታ ከሥጋ ሻጩ ከማላኪ ሱቅ ወጥታ ጃንጥላዋን ስትዘረጋ፣ አደባባዩ መሃል ጠረጴዛ ይዛ፣ ድምፅ ማጉያ ጨብጣ የቆመች ሴት አየች። «ይቺ ደግሞ የማን ጉድ ናት?» አለች በሆዷ። ቀይ ካፖርቷን ስታይ ግን ደነገጠች፤ የገዛችላት እሷው ነበረች። ጉዱ የራሷ ነው፤ አንድ ልጇ ግሮንያ!

«ሕፃን በሃይማኖቱ ተለይቶ ከትምህርት ቤት በር አይመለስ!» ትላለች ግሮንያ። «እምነት የየሰው ነው፤ ትምህርት ቤቱ የጋራችን ነው! መንግሥት ለሁሉም እኩል ይሁን!»

ማላኪ በሩ ላይ ብቅ ብሎ፣ «አትራክታ፣ ልጅሽ ጳጳስ ልትሆን ነው እንዴ? ስብከቱን ተያያዘችው እኮ!» ብሎ ሳቀ። ቅዳሜ ስለነበር የከተማው ሰው ሁሉ ገበያ ወጥቷል። አትራክታ ምነው መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ አለች። አይ የትንሽ ከተማ ነገር! ሰው ምን ይለኛል የሚሉት ፍርሃት ከአየርላንድ ዝናብ ይልቅ አጥንት ሰርስሮ ይገባል።

ከሐሜቱ በላይ የሚያብከነክናት ግን የልጅ ልጇ ኦርላ ነበረች። ኦርላ በመጪው መስከረም ትምህርት መጀመር አለባት። በከተማዋ ያለው ትምህርት ቤት አንድ ነው፤ የሚተዳደረው በቤተ ክርስቲያን፣ የመምህራኑን ደመወዝ የሚከፍለው መንግሥት። ቦታ ሲጠብ ቅድሚያ የሚሰጠው ለተጠመቀ ልጅ ነው። ኦርላ የክርስትና ምስክር ወረቀት የላትምና በዚያው ሳምንት «ቦታ የለም» ተብላለች።

«ዕቃሽን ሰብስቢና ወደ ቤት!» አለች አትራክታ ተጠግታ።

«እንኳን መጣሽ እማዬ። ጃንጥላሽን ወዲህ አድርጊልኝ፣ ሰው የሚፈርምበት ወረቀት ራሰብኝ።»

«ጃንጥላ ትለኛለች! ልጅቷ ሜዳ ላይ ልትቀር ነው፣ እኔ እንቅልፍ ካጣሁ ሰነበትኩ፣ አንቺ እዚህ ትጮሂያለሽ! አባ ኮንካነን ጋ ወስዶ ክርስትና ማስነሳት ምን ይከብዳል? ጓደኞችሽ ሁሉ አድርገውት የለ? ትንሽ ውሃ አይገድላት!»

«የማላምንበትን ነገር መሠዊያ ፊት ቆሜ ልማል? መዋሸት ኃጢአት ነው ብለሽ ያሳደግሽኝ አንቺ አይደለሽ እንዴ? እሺ፣ ኦርላ ገባች እንበል። የጎረቤታችን ልጅ ዘይነብስ? አባቷ ሥጋ ፋብሪካው ውስጥ ከኛ ሰው እኩል ይለፋል፣ እኩል ግብር ይከፍላል። እሷንም እናጥምቃት?»

«እኔ ስለ ሰው ልጅ አልጠየቅሁሽም። ዛሬ ትምህርት ቤቱን ትላላችሁ፣ ነገ ቤተ ክርስቲያኑን ዝጉ ልትሉ ነው።»

«እንዲህ ያለ ማን አለ? አትጸልዪ የሚልሽ ሰው ቢመጣ፣ ይህንኑ ማጉያ ይዤ የምጮህልሽ እኔ ነኝ።»

ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል። መንግሥት ከሃይማኖት ይለይ ማለት ሃይማኖት ይጥፋ ማለት ይመስለዋል። አትራክታም እንደዚያ መስሏት ኖራለች። ግራና ቀኝ አይታ ድምጿን ዝቅ አደረገች።

«ስሚ ግሮንያ። ልጅቷ ተጠምቃለች። ያጠመቅኋት እኔ ነኝ። አንቺ ሐኪም ጋ ስትሄጂ፣ ኩሽና ውስጥ፣ ዕቃ ማጠቢያው ላይ።»

«አውቃለሁ» አለች ግሮንያ ሳቋ እያመለጣት። «ስመለስ ፀጉሯ ርሶ የዕቃ ሳሙና የዕቃ ሳሙና ትሸት ነበር።»

«በሞትኩት! አልተቆጣሽም?»

«ፈርተሽ እንደሆነ ገብቶኛል። ግን ምን ነበር እንዲያ ያስፈራሽ?»

ይህን ጠይቋት የሚያውቅ ሰው አልነበረም።

«ወንድም ነበረኝ። እንደተወለደ፣ ቄስ ሳይደርስለት ሞተ። ያልተጠመቀ የቤተ ክርስቲያኑ መካነ መቃብር አይገባም አሉ። አባቴ ጎህ ሳይቀድ በሳጥን ተሸክሞ ወስዶ፣ እሾህ ዛፉ ሥር ከማሳው ዳር ቀበረው። ስም እንኳ የለውም። እናቴ እስክትሞት በዚያ ስታልፍ ፊቷን ትሸፍን ነበር። ኦርላን ሲያሳቅፉኝ እሱ ታየኝ። እሷንም ከበር እንዳይመልሱብኝ ብዬ ነው…»

ግሮንያ ድምፅ ማጉያውን አስቀምጣ እጇን ያዘቻት።

«እማዬ፣ እሱ ምን አጠፋ?»

«ሕፃን ምን ያጠፋል!» ብላ ጮኸች አትራክታ። ቃሉ ከአፏ ሲወጣ ለራሷም ተሰማት። ኦርላ ውሃው ሳይፈስባትም ከፈሰሰባትም በኋላ ያችው ኦርላ ናት፤ ዘይነብም ሕፃን ናት። ዕድሜዋን ሙሉ በሩን ስትፈራ ኖረች እንጂ፣ በሩ ለምን እንደሚዘጋ ጠይቃ አታውቅም።

በዚህ መሃል አባ ኮንካነን ከፖስታ ቤቱ ወጥተው እነሱን ሲያዩ ቆም አሉ። ፊታቸው ላይ ከቁጣ ይልቅ ቅሬታ ይታይ ነበር።

«አትራክታ፣ አንቺም?»

አትራክታ ጃንጥላዋን ከልጇና ከጠረጴዛው በላይ አድርጋ ያዘች።

«እኔም፣ አባ። ወንድሜን ከመካነ መቃብር በር መለሱት፤ የልጅ ልጄን ከትምህርት ቤት በር መለሷት። እስከ መቼ ነው ሕፃን የምንመልሰው? አንድ ላይ ይማሩ። አንድ ወንበር ላይ ያደጉ ልጆች ነገ አይፈራሩም። እርስዎም ለትምህርት ቤት ቦታ ሲል በውሸት ከሚምልልዎ ወላጅ ይገላገላሉ፤ የሚመጣልዎ ወዶ ይመጣል።»

ማላኪ ሳቁን ዋጠ። አባ ኮንካነን ባርኔጣቸውን አስተካክለው መንገድ ጀመሩ። ኦርላ መስከረም ላይ ትግባ አትግባ ገና ማንም አያውቅም። አባ ጥቂት እንደራቁ ግን አትራክታ ከኋላቸው ተጣራች።

«አባ! ነገ ቅዳሴ እመጣለሁ። የኔን ቦታ ደግሞ ለሰው እንዳይሰጡብኝ!»