የጎርጎራው ሰደርያ

ከጎርጎራ ወደ ጎንደር በምትመለሰው ማኪና ውስጥ፣ ከኋላዬ አንዲት ባልቴትና ራሱን የተላጨ ጎልማሳ ያወራሉ።

«ማን ሞተብህ ልጄ?»

«አባቴ። ሐይቁን አይቶ አያውቅም ብዬ፣ ከአምባ ጊዮርጊስ አምጥቼ በጀልባ አሳፈርሁት።»

«ተገለበጠች?»

«ማዕበል መታን፣ እናቴ።»

«ምነው፣ የሚያንሳፍፈውን ሰደርያ ያልለበሰ አይሳፈርም ተብሎ ታውጆ የለም?»

«ታውጇል። ጀልባ ነጂውም ሁላችንን አልብሶን ነበር።»

«ታዲያ?»

«ከወደቡ ራቅ ስንል የአባቴን አስወለቅሁት። በጋቢው ላይ ጠበበው፤ ጣውላውም ቆረቆረው። ሽማግሌ እንዴት በባዶ ጣውላ ይቀመጣል ብዬ፣ አጥፌ አነጠፍሁለት።»

«አንተስ?»

«እኔ እንደለበስሁ ነበርሁ።»

«እሱስ ምን አለህ?»

«‹ዕድሜ ይስጥህ› ብሎ መረቀኝ።»

አጥፌ የተቀመጥሁበትን ጋቢ ቀስ ብዬ ከሥሬ ሳብሁና ለበስሁት።