ክሊፕ ላይ ያለው ባለሱፍ

ባላገር ማለት አገር ያለው ሰው ነው። በዘፈን ክሊፕ ውስጥ ግን ቁምጣ ለብሶ፣ ዱላ ትከሻው ላይ አጋድሞ፣ ያለ ምክንያት የሚስቅ ሰው ነው። ገነተ ማርያም አጠገብ ክሊፕ ሊቀርጹ መጡ ሲባል፣ ላሊበላ ውስጥ ስንት ዓመት ያስተማርኩ ሰው ነኝና ይህን ላርም ሄድኩ። ዳይሬክተሯን፣ «የኔ ልጅ፣ ላስታ ውስጥ እኮ የተማረም ሰው አለ፤ ለምን እሱን አታሳዩም?» አልኳት። በትዕግስት ሰማችኝና፣ «ልክ ነዎት ጋሼ። ሱፍ አለዎት?» አለችኝ። የሰርጌን ሱፍ ለብሼ ተመለስኩ። ከአንድ አዛውንት ጎን አስቀምጣኝ፣ «ልጃቸው ውሃ ስታቀርብልዎ እያዩዋት ፈገግ ይበሉ» አለች። ጎበዝ ተማሪዬን እንደማይ ሆኜ ፈገግ አልኩ። ምን ሆኜ እንደምሠራ አልጠየቅኩም፤ መምህርነቴ ከፊቴ ይነበባል ብዬ።

ክሊፑ የወጣ ዕለት ባለቤቴንና ጎረቤቶቼን ይዤ ሰፈራችን ካለው ሆቴል ቴሌቪዥን ፊት ተቀመጥኩ። ለካ ልጅቷን በሀብቱ አታሎ ከፍቅረኛዋ ሊነጥቅ የመጣው የከተማ ሰውዬ እኔ ነኝ! ያ የመምህር ፈገግታዬም በዝግታ እየተደጋገመ ይታያል። «ኧረ ጋሼ፣ ልጅዎ አትሆንም እንዴ?» አለ ባለሆቴሉ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ባለቤቴ ብቻ ሳትስቅ ዓይኗን ቴሌቪዥኑ ላይ ተከለች።

በመጨረሻ ልጅቷ እኔን ትታ ከባለዱላው ፍቅረኛዋ ጋር ወንዝ ተሻግራ ጠፋች። ሁሉም አጨበጨበ። ባለቤቴም አጨበጨበች።