ሰዓት የማያዛንፍ አውራ ጣት

ግቢ ሲስተር ሮሽኒ፣ ግቢ። ጫማሽን እዚያው ተዪው፤ ዶሮዋ ካልተኛችበት በቀር የሚነካው የለም። ባሕሩ እንዴት አደረገሽ? ጠዋት ከደጅ ሆኜ ሳየው ተወልውሎ የደረቀ ወለል መስሎ ነበር። «ዛሬስ ሲስተር ሳያስመልሳት ትደርሳለች» አልኳት ሚስቴን። እናትሽ ደህና ናቸው? … ሮቲ ቂጣቸውን ላኩልን? እሰይ፣ እጃቸው ይባረክ! ሚስቴም ካሳቫ ቀቅላ ልካለች፣ ከዓሣ ጋር ትቀምሺያለሽ። ትንሽ ወፈር ብለሻል ደግሞ። ያምርብሻል።

እህቴ ከመጋረጃው ወዲያ ናት። ነቅታለች፣ ሳሏን ትሰሚያለሽ። እንደምታውቂው እኔ ፊት ለፊት አላናግራትም፤ በእኛ ዘንድ ወንድምና እህት አፍ ለአፍ ማውራት ነውር ነው። ከጎረምሳነቴ ጀምሮ በሰው በኩል ነው የምንነጋገረው። ተጣልተን ግን አናውቅም። ምናልባት ለዚያ ይሆን?

ያ ደጃፍ ላይ ጀርባውን ሰጥቶን ገጀራ የሚስለው ሰውም አያስቸግረንም። ይሳል። እኛ የራሳችንን ወግ እናውራ።

ሰው እኔን የሚያውቀኝ በዝምታዬ ነው። መዘምራኑ እንኳ «አፉን ይከፍታል እንጂ ድምፅ አይወጣውም» ይሉኛል። ዛሬ ግን ደስታው አናቴ ላይ ወጣ መሰለኝ፣ ዝም ማለት አቃተኝ። እውነት ነው ወይ የሰማሁት? መንደራችን መድኃኒት በሰዓቱ በመዋጥ ከደሴቱ አንደኛ ወጣ? አንደኛ! እኛ? በራግቢ እንኳ አራተኛ ወጥተን አናውቅም እኮ ሲስተር! ደግሞ ይህን ያመጣልን ሰው ማክሰኞ በጀልባ ከተማ ይሄድና «እንዲህ ነው የሚደረገው» እያለ ሌሎቹን መንደሮች ያስተምራል አሉ። የጤና ቢሮው ሸሚዝ ይሰጠዋል፣ አዲስ ስልክም ይሰጠዋል አሉ። ማን እንደሆነ አልናገርም። ደግ ሰው ስሙ ሲጠራ ያፍራል። በዚያ ላይ ገጀራ ይዞ ከሆነ እጁን ሊቆርጠው ይችላል…

አሮጌው ስልክ መቼም የኔ ነበር። ልጄ ናት ከዋና ከተማው ከሱቫ የላከችልኝ። እኔ ማንበብ የማልችል ሰው ምን ላደርገው? ያን አስታዋሽ ያስገባሽበት አንቺ ነሽ። ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ይጮኻል፣ ማታ አንድ ሰዓት ላይ ይጮኻል፤ የዋጠ ሰው አረንጓዴውን ይነካል፣ ከተማ ያለው የሐኪሙ መዝገብ ላይ ይገባል። «እራስጌዋ አስቀምጡት» አልሽ። አስቀመጥነው። ሦስት ቀን ተቀመጠ።

በአራተኛው ቀን ባለመብቱ መጣ።

አንቺ የከተማ ልጅ ስለሆንሽ ነው የምነግርሽ። በእኛ ዘንድ የእህት ልጅ ከአጎቱ ንብረት ያማረውን ይወስዳል። አሳማ ቢሆን፣ መረብ ቢሆን፣ ስልክ ቢሆን… አይለምንም፣ አይመልስም። አጎትም ፊቱን አያጠቁርበትም፣ አይወቅሰውም። እኔስ መቼ ወቀስኩ? አፌን ይዝጋው! ይኸው ከገባሽ ጀምሮ የማወራው ምስጋና ብቻ አይደለም ወይ?

ደግሞስ ስልኩን ወሰደ እንጂ አደራውን ጣለ? አልጣለም! ባለፈው ወር ከዓለቱ ማዶ ዓሣ ሊወጋ ወጥቶ ነበር። አብረውት የነበሩት ናቸው የነገሩኝ። እንደ አሳማ የሚያክል ዓሣ ወጋ። ዓሣው ሲንፈራገጥ፣ ጀልባዋ ልትገለበጥ ዘንበል ስትል፣ በላስቲክ ጠቅልሎ አንገቱ ላይ ያንጠለጠለው ስልክ ጮኸ። ሌላ ሰው ቢሆን ምን ያደርጋል? ዓሣውን ይይዛል አይደል? እሱ ለቀቀው! አውራ ጣቱን በቁምጣው ጠረገና አረንጓዴውን ነካ። ዓሣው ጦሩን ይዞ ሄደ። እናቱ እዚህ አልጋ ላይ፣ እሱ እዚያ ባሕር ላይ… መድኃኒቱ ግን ተዋጠ! እስቲ ከመላው ፊጂ እንዲህ ያለ ልጅ አምጪልኝ። ሌሎቹ ልጆች እናታቸውን መድኃኒት ለማዋጥ የግድ አልጋዋ አጠገብ መድረስ አለባቸው። ደካሞች!

አትሳቂ ሲስተር። ከሳቅሽ እኔም ይይዘኛል፣ ከያዘኝ ደግሞ አይለቀኝም።

ራግቢ ሲጫወትስ? ኳሷን ታቅፎ ሊያገባ ሁለት እርምጃ ሲቀረው ጮኸ። ቆመ! ስምንት ሰው ላዩ ላይ ወጣበት። ከዚያ ሁሉ እግርና ክንድ ሥር አንድ አውራ ጣት ብቻ ብቅ ብላ አረንጓዴውን ስትነካ አይቻለሁ፤ በነዚህ ዓይኖቼ ነው ያየሁት። ያን ቀን ተሸነፍን። ቢሆንስ? ራግቢ ይበልጣል ወይስ እናት?

ማታ ተሰብስበን የካቫ ሥር ጭማቂ ስንጠጣማ አይነገርም። ጽዋው ዞሮ እሱ ጋ ሲደርስ ስልኩ ይጮኻል። ይነካታል። ከዚያ እኛ ሁላችን ሰው ጽዋውን ሲጨርስ እንደምናጨበጭበው፣ እጃችንን ጎድጎድ አድርገን ሦስቴ… ጧ! ጧ! ጧ! ደንብ ሆነ። ያልጨበጨበ ሰው ይታያል። እኔም አጨበጭብ ነበር ሲስተር። እነዚህ እጆቼ ናቸው፣ ያውልሽ እያቸው።

ስልኩ ደግሞ «ዛሬ እንዴት ነሽ?» ብሎ ይጠይቃል አይደል? የሚስቅ ፊት አለ፣ የሚያለቅስ ፊት አለ። እሱ ሁልጊዜ የሚስቀውን ነው የሚነካላት። ታዲያ እህቴ በመዝገቡ ላይ ሁለት ወር ሙሉ ስትስቅ ነው የከረመችው። እግሯ አብጦ፣ ቁስሉ ጫማ አላስገባ ብሎ… ትስቃለች! እንዲህ ያለ ደስተኛ በሽተኛ አክመሽ ታውቂያለሽ?

ሌሎቹም ሽማግሌዎች ጎበዝነቱን ሲያዩ «የኛንም ያዝልን» አሉት። ያዘላቸው። ያ ቪሊሞኒ፣ የደም ግፊት ያለበት… አዎ እሱ። ሱቫ ልጁ ዘንድ ከሄደ ይኸው ወር ከአሥራ አምስት ቀን ሆነው። አንቺ አልሰማሽም? አትደንግጪ፣ መድኃኒቱ አልተቋረጠበትም! እሱ ሱቫ፣ ክኒኑ እዚህ ቤቱ፣ ጠዋት ጠዋት ግን በእኛ መንደር ይውጣል። አረንጓዴ ነው። ፊቱም ይስቃል።

ይኸውልሽ… ባለፈው ሳምንት ጣራው አፈሰሰና የእህቴን አልጋ ማንሳት ነበረብን። እሷን ሚስቴ ወደ ውጭ አወጣቻት። እራስጌዋ አንድ ቀይ የብስኩት ቆርቆሮ አለ፣ አንቺ የምታመጪላትን ክኒን የምታኖርበት። አነሳሁት። ሲስተር፣ እኔ ፊደል አልቆጠርኩም። ግን ዕድሜዬን ሁሉ የደረቀ ኮኮናት ስሸከም ነው የኖርኩት። ከረጢት ሲጎድል ትከሻዬ ይነግረኛል፣ ማንበብ አያስፈልገኝም። ቆርቆሮው… አልጎደለም። ከነዚያ ከሦስቱ ቀኖች በቀር የጎደለው የለም። ሁለት ወር ጠዋትና ማታ የሚዋጥ፣ ግን የማይጎድል ክኒን! ሰባኪያችን ስለዚያች መበለት፣ ማሰሮዋ ውስጥ ዘይቱ ስላላለቀባት ሴት ሲሰብክ እኔ ዱሮ ነው የሆነው ብዬ ነበር። ለካ እዚሁ እህቴ እራስጌ ነው።

ሚስቴ «ለምን አልዋጥሽም?» ብላ ጠየቀቻት። ምን አለች መሰለሽ? «ሲስተር ስልኩ ሲጮህ ዋጪ ብላኛለች። ስልኩ አልጮኸም» አለች።

አየሽ? ቃል አክባሪ ናት እህቴ። ጠዋት ጠዋት ፊቷን ታጥባ፣ ውኃዋን በኩባያ ቀድታ አልጋዋ ላይ ቁጭ ብላ ትጠብቃለች። ትጠብቃለች… ትጠብቃለች… ፀሐይ ደጃፉን ሲያልፍ ውኃውን ባዶውን ትጠጣዋለች። ውኃ ለጤና ጥሩ ነው አይደል? «ታዲያ ለልጅሽ አትነግሪውም?» ብትላት ሚስቴ፣ «ሥራ ይኖረዋል፣ ለምን አስቸግረዋለሁ» አለች። ሥራ… እውነቷን እኮ ነው። አረንጓዴ መንካት ቀላል ሥራ ነው? በቀን ሁለቴ! የሰባት ሽማግሌ!

ገጀራው ዝም አለ ልበል? ስለት ገብቶለት ይሆናል። ከጠዋት ጀምሮ ሲስለው ነበር።

አሁን ያ እቅፍሽ ውስጥ ያለው አዲሱ የክኒን ከረጢት… እጥፉ ነው አሉ። ከተማ ያለው ሐኪም መዝገቡን አየ፣ አረንጓዴ በአረንጓዴ። ስኳሯን አየ፣ ሰማይ ነክቷል። «እንግዲያው መድኃኒቱ አልበቃትም፣ እጥፍ ይደረግ» አለ። ሐኪሙ ምን አጠፋ? ያየው አረንጓዴ ነው። አንቺስ ምን አጠፋሽ? እኔስ? ማንም አላጠፋም! እንዲህ ያለ ማንም ያላጠፋበት መንደር እኮ ነው አንደኛ የሚወጣው።

ግን አንድ ነገር አልገባ ብሎኛል። ያልተማርኩ ነኝና ታገሺኝ። ማክሰኞ ባለመብቱ ከተማ ይሄዳል። አዲስ ስልክ ይሰጠዋል። አሮጌውን ምን ያደርገዋል? ወደ እህቴ እራስጌ ይመልሰዋል። ረቡዕ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ፣ ከሁለት ወር በኋላ፣ ይጮኻል… እሷ ደግሞ ታጥባ፣ ውኃዋን ቀድታ ተቀምጣለች። ደስ አይላትም? «ጮኸልኝ!» ብላ እጥፉን ትውጣለች። ማታም ይጮኻል፣ ማታም ትውጣለች። ነጠላውን እንኳ ያለመደ ሰውነት… እጥፉን። ያቺ ሴራ የምትባለው ጎረቤታችን ስኳሯ ወርዶ ከመዘምራኑ መሀል እንደ ተቆረጠ የሙዝ ግንድ ስትወድቅ ነበርሽ አይደል? እሷ እንኳ መድኃኒቱን የለመደች ሰው ናት፣ ነፍሷን ያተረፋት አንድ ማንኪያ ማር ነው። ለእህቴስ ማሩን ማን ያልስላታል? ልጇ ከተማ ሲያስተምር?

እኔ እንኳ ይኼን ያልኩት ለወሬ ያህል ነው…

ምነው ተነሳሽ ሲስተር? ሮቲው ይቀዘቅዛል እኮ። ቆርቆሮው? አዎ፣ እራስጌዋ ነው፣ መጋረጃውን ገልጠሽ በስተግራ። በሁለት እጅሽ አንሺው፣ ይከብድሻል። … አላልኩሽም?

አዲሱን ከረጢት ወደ ቦርሳሽ መለስሽው? እንዳሻሽ። እኔ ምን አውቃለሁ። ከድሮው አንድ ክኒን አሁን ትሰጫታለሽ? ስጫት፣ ስጫት! ይኸው ውኃዋ ቀርቦ ነው ያለው። ከዛሬ ጀምሮ የቤተ ክርስቲያኑ ከበሮ ጠዋት ሲመታ ትዋጥ? ይሄ ጥሩ ነው። ከበሮው ከባድ ነው፣ ማንም አንገቱ ላይ አንጠልጥሎት ባሕር አይወርድም። ለሐኪሙም ትደውይለታለሽ? ኔትወርኩ ኮረብታው ላይ ነው።

አየሽ ደግሞ የልጁን ጨዋነት? አንድ ቃል ሳንናገረው ስልኩን ደጃፉ ላይ አኑሮልሽ ተነሳ። አረንጓዴው ላይ የነካበት ቦታ እንዴት እንደሚያበራ እይው፣ አውራ ጣት ያሸው መስታወት! ወዴት ነው የሚሄደው ግን እንዲህ አንገቱን ደፍቶ? ሳይመረቅማ አይሄድም። እጅሽን ዘርጊ ሲስተር፤ ጸሎታችን ቢለያይም ምርቃት አንድ ነው።

እግዚአብሔር ረጅም ዕድሜ ይስጠው። ሚስቱንም በሰላም ያገላግላት፣ ወንድ ልጅ ይሁን፣ በሁሉ ነገር እሱን ይምሰል። እርጅናም ሲመጣበት ብቻውን አይጣለው። ጌታ የዕድሜውን ቀኖች ሁሉ በመዝገቡ ይጻፍለት፤ እሱ የእናቱን መድኃኒት በቆጠረበት አቆጣጠር አንድ በአንድ ይቁጠርለት… አንዲት ቀን ሳትጎድል፣ ሁሉም አረንጓዴ ሆኖ። አሜን በይ፣ ልጄ።